ኮሜዲያኖች ቤታቸው ተቀምጠው ያወሩት ከመድረኩ ቀልድ ይበልጥብኛል፤ ተሳስቻለሁ?

መነሻ ፖስት

ሰሞኑን የኮሮና ጊዜ ቪዲዮዎች ላይ ተጥጄ ነው የከረምኩት። ኮሜዲያኖች ቤት ተዘግቶባቸው እርስ በርስ የሚደዋወሉባቸውን ማለቴ ነው። አንዱ ከኋላው ያልደረቀ ልብስ ተሰጥቶ ይታያል። ሌላው ስልኩን መጽሐፍ ላይ አስደግፎት በየአምስት ደቂቃው ይወድቅበታል። የሚያወሩት ነገር ቢባል ምንም የለውም። ዕለቱ ማክሰኞ ይሁን ሐሙስ ይከራከራሉ። እጃቸውን 20 ሰከንድ ሲታጠቡ ምን እንደሚያስቡ ይጠያየቃሉ። አንዱ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ለመጠገን ሦስት ቀን ሲታገል ከርሞ፣ ጠብታው ሲቆም ደግሞ ድምፁን ለምዶት ኖሮ እንቅልፍ አጣ። ይህችን ሲያወራ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ።

እነዚሁ ሰዎች ብቻቸውን ካሜራ ፊት ቆመው የተዘጋጀ ቀልድ ሲያቀርቡ ግን ሳይ እኔው ተሸማቀቅሁ። ቀልዱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ቀልዱ ያልቃል፣ ከዚያ ጭጭ ነው። አሜሪካዊው ኮሜዲያን ስቲቨን ኮልበርት ኤፕሪል ላይ ሱፉን እንደለበሰ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ ያቀረበውን ያየ ሰው ይገባዋል። ሰውየው ጎበዝ ነው። ዝምታው ግን ከሱ ይበልጥ ነበር።

እና የኔ ነገር ይህ ነው። ቤት ስንውል የሞተው ቀልድ ነው፤ ጨዋታ አልሞተም። ቀልደኛ ሌላ፣ ጨዋታ አዋቂ ሌላ። ቀልደኛ አዳራሽ ይፈልጋል። ጨዋታ አዋቂ አንድ የሚመልስለት ሰው ካገኘ ይበቃዋል። የማይስማማ ካለ ይምጣ ብዬ ለጠፍኩት።

ምላሾቹ

መጡ። 22 ምላሽ ደርሷል። ክሩ ስለረዘመ አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲቀል ብዬ በራሴ አፍ ላሳጥረው።

ቁጥር 1 አንቱ ብሎ ነው የጀመረው። አመሰገነኝ፣ ደገፈኝ፣ ከዚያ ማስረጃ ጨመረልኝ። ሮበርት ፕሮቫይን የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበር። ከተማሪዎቹ ጋር በየመንገዱና በየገበያ አዳራሹ እየዞረ 1200 የሳቅ አጋጣሚዎችን መዘገበ። ከሳቁ በፊት የተባለው ነገር ከሞላ ጎደል ቀልድ የሚባል አልነበረም። ለቀልድ የሚጠጋው ከ10 እስከ 20 በመቶ ቢሆን ነው። ቀሪው ተራ ወሬ ነው፤ እንገናኛለን መባባል፣ የት ነበርክ መባባል። ደግሞ ከሰሚው ይልቅ የሚስቀው ተናጋሪው ሆኖ ተገኘ፣ በ46 በመቶ ይበልጣል። ብቻውን ካለ ሰው ይልቅ ከሰው ጋር ያለ 30 ጊዜ እጥፍ ይስቃል። ስለዚህ ሁለቱ ኮሜዲያኖች በራሳቸው ወሬ ፍርስ ብለው መሳቃቸው ማስመሰል አይደለም ባይ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህን ሳነብ ክሩ እዚህ ጋ ቢዘጋ ደስ ባለኝ።

አልተዘጋም። ቁጥር 2 በጣም በትሕትና አረመኝ። የኮልበርት ገንዳ ኤፕሪል ሳይሆን እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 2020 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወረርሽኝ ነው ብሎ ካወጀ ገና አምስተኛው ቀን። በማግስቱ ሌላው የምሽት ፕሮግራም አቅራቢ ጂሚ ፋለን ከቤቱ ጀመረ፤ ካሜራውን የያዘችው ሚስቱ ነበረች። በቀጣዮቹ ቀናት ሴት ልጆቹ ቀልዱን መሀል ላይ እየገቡ ያቋርጡት ነበር። ቁጥር 2 የዚያ ጊዜ ምርጥ ታዳሚ እነሱ ነበሩ ይላል፣ ምክንያቱም ላለመሳቅ የሚያፍሩት ሰው የላቸውም። ትክክል ነው፣ ተሳስቼ ነበር። ቀኑን መነሻው ላይ አላስተካከልኩትም፤ ካስተካከልኩት ቁጥር 2 ማንን እንዳረመ አይገባም።

ቁጥር 3 አሜሪካዊው ኮሜዲያን ኮናን ኦብራየን ከቤቱ በአይፎን እየቀረጸ ሙሉ ፕሮግራም ማስተላለፉን አስታውሶ ሄደ። ሌላ ነገር አላለም።

ቁጥር 4 የሙያው ሰው ነው። ስታንድ አፕ ይሠራል፣ ማለትም ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ ቀልድ ያቀርባል። ስሙን አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም። ምላሹ ረጅም ነው፤ ክሩ ውስጥ አንድ ብቻ የምታነቡ ከሆነ እሱን አንብቡ። መድረክ ከተዘጋ በኋላ ያገኘው የመጀመሪያ ሥራ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በዙም ቀልድ ማቅረብ ነበር። 43 ሰው ገባ፣ ሁሉም ማይኩን አጥፍቶ። የመጀመሪያውን ቀልድ ጣለ። ምንም። ሁለተኛውን ጣለ። ምንም። አፎች ሲከፈቱ ያያል፣ ድምፅ የለም። ዓሣ ያለበት መስታወት ፊት የቆመ መሰለው። ማይካቸውን እንዲከፍቱለት ለመናቸው። ሲከፍቱ ጉድ ፈላ። ሕፃን ያለቅሳል፣ ውሻ ይጮኻል፣ የሆነ ቤት ግድግዳ ይበሳል፣ አንዱ ደግሞ ሰው የሚሰማው ሳይመስለው ሚስቱን ቻርጀር ወሰድሽብኝ እያለ ይጨቀጭቃል። ከዚያ ሁሉ መሀል አንዲት ሴት አገኘ። ስትስቅ ስቅታ እንደያዘው ሰው ነው፣ ህቅ ህቅ እያለች። ቀሪውን 40 ደቂቃ ለሷ ብቻ ሠራ። ሊጨርስ ሲል ስሟ ከስክሪኑ ጠፋ። ኔትወርክ ይሁን ሰልችቷት እስከ ዛሬ አያውቅም። ብቻ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀልዶች ሳይናገራቸው አመስግኖ ወጣ።

እሱ ላይ የጨመረው ነገር ደግሞ አንጀቴን በላው። ለዓመታት መድረክ የሚወጣው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነበር። ቤት ከዋለ በኋላም በየምሽቱ 2 ሰዓት ሲል ሆዱ ይረበሽ፣ እጁ ያልበው ጀመር። የሚወጣበት መድረክ የለም፣ ፍርሃቱ ግን ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። መጨረሻ ላይ አንድ የሙያ ጓደኛውን በዚያች ሰዓት እየደወለ ያወራው ገባ። ጓደኛውም እንደሱ ያደርገው ኖሯል። በየቀኑ ለሁለት ወር ተደዋወሉ፤ ስለ ቀልድ አንድም ቀን አላወሩም።

ይህን ሳነብ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቁጥር 5 መጣ፣ የድምፅ ባለሙያ ነው። አሁንም በአንቱታ፣ አሁንም በጨዋ ደንብ፣ ሐሳቤን ከሥሩ ነቀለው። ሰው ከሰው ጋር ሲያወራ አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪቀበል ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አሥር ቋንቋዎችን ያነጻጸረ ጥናት ያገኘው ይህንን ነው። በቪዲዮ ጥሪ ላይ ድምፁ ደርሶ እስኪመለስ ብቻ ያንን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሳቅ ደግሞ ሌላ መከራ አለበት። ፕሮግራሙ የተሠራው ንግግርን ለይቶ ሌላውን ጫጫታ እንዲያፍን ነው። ሳቅ ንግግር አይደለም። ስለዚህ ከማራገቢያና ከመኪና ጡሩንባ ጋር አብሮ ይታፈናል። ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲስቅ ማሽኑ ጎላ ያለውን አንድ ድምፅ ይመርጥና ሌላውን ይጫነዋል። ሁለት ሰዎች ብቻ ከሆኑ ግን በአምስት ደቂቃ ውስጥ መዘግየቱን ይለምዱታል፣ እየጠበቁ ይሳሳቃሉ።

ማለትም እሱ እንደሚለው ልዩነቱ በቀልድና በጨዋታ መካከል አይደለም። በ2 ሰውና በ43 ሰው መካከል ነው። ቀልዱን የገደለው መስመሩ እንጂ ቤት መዋሉ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ መልስ ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። አላገኘሁም።

ቁጥር 6 መሀል ገብቶ ዙም በዚያን ጊዜ 300 ሚሊዮን ተጠቃሚ ስለነበረው ችግሩ መጨናነቅ ነው አለ። ቁጥር 7 ወዲያው ተቆጣው። 300 ሚሊዮኑ ሰው ሳይሆን በቀን የስብሰባ መግቢያ ቁጥር ነው፤ አንድ ሰው ሦስት ስብሰባ ከገባ ሦስት ይቆጠራል፤ ድርጅቱ ራሱ አሳስቶ ጽፎ አርሞታል። ዲሴምበር 2019 ላይ በዚሁ አቆጣጠር 10 ሚሊዮን ነበር፤ ኤፕሪል 2020 ላይ ነው 300 የገባው። ቁጥር 7 ልክ ነው፣ አነጋገሩ ግን ሰው የገደሉበት ነው የሚመስለው። ልብ ብላችሁ ከሆነ እስከ ቁጥር 6 ሁላችንም አንቱ ስንባባል ነበር። ቁጥር 7 ሁላችንንም አንተ አደረገን፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ወደ አንቱታ አልተመለሰም።

ቁጥር 8 የኮሜዲያን ሚስት ናት፣ እሷም በአንተ ነው የገባችብኝ። ሁለት ኮሜዲያኖች ተደዋውለው ሲሳሳቁ እኔ ፈታ ብዬ የማየው ነገር ከካሜራው ጀርባ ምን እንደሚመስል ታውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ባሏ ድሮ ቀልዱን ከታክሲ፣ ከወረፋ፣ ከሥራ ቦታ ይለቅም ነበር። ያ ሁሉ ሲዘጋ የቀረችው እሷ ብቻ ሆነች። ስታስነጥስ ይጽፋል። ከእናቷ ጋር በስልክ ስትጨቃጨቅ በር ላይ ይቆማል። አንድ ቀን እያለቀሰች ሳለ እጁ ወደ ማስታወሻው ሲሄድ አየችው። ሕግ አወጣች፦ መኝታ ቤት ውስጥ የተባለ ነገር ከመኝታ ቤት አይወጣም። እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገር ሊያናግራት ሲፈልግ ወደ ኮሪደር እየጠራት መጣ። ሳቅኩ፣ ከዚያ መሳቄን እሷ እንዳታይ ተመኘሁ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ሄደ። ቁጥር 9 የኮሜዲያኖቹን ፀጉር አይታችሁ ነበር ወይ ብሎ ጀመረና፣ እሱም በዚያ ጊዜ ራሱን ሲላጭ ማሽኑ መሀል ላይ ቻርጅ ጨርሶ ግማሽ ጭንቅላቱን ይዞ ስብሰባ መግባቱን ተረከ። ካሜራውን ወደ ጎን አዙሮ አንድ ወገኑን ብቻ ሲያሳይ ዋለ፤ አለቃው አንገቱን አሞት እንደሆነ ጠየቀው። ቁጥር 10 በመቀስ እንጂ በማሽን ራስን መቁረጥ ድፍረት ነው አለ። ቁጥር 11 በመስታወት እያዩ መቁረጥ እጅን ወደ ተቃራኒ ስለሚያስኬድ በዳበሳ ይሻላል ባይ ነው። ሦስቱ ከእኔ ርዕስ በላይ ላይክ አገኙ። ቅር አላለኝም አልልም።

ቁጥር 12 ነርስ ናት። ያ ሁሉ ቀልድ አንድ ጊዜ ክው አለ። እሷ በፈረቃ ለ12 ሰዓት ማስክ ሳታወልቅ ስትሠራ፣ ቤት መዋል የሰለቸው ሰው ስለ መሰልቸቱ ሲያወራ መስማት ያመኛል አለች። ለመሰልቸት እኮ ቤት ይፈልጋል፣ ደመወዝ ይፈልጋል፣ ጤነኛ ቤተሰብ ይፈልጋል። ሁላችንም አንድ ላይ ነን የሚሉት ሰዎች ከኋላቸው የሚታየውን ሳሎን አይተውት ያውቃሉ ወይ ብላ ጠየቀች። እኔንም አልማረችኝም። እንባህ እስኪመጣ የሳቅክበትን ሰዓት እኔ የት እንደነበርኩ ልንገርህ ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም።

ቁጥር 13 መለሰላት። ግማሹን የፎረሙ ኃላፊ አጥፍቶታል፣ የቀረውም ቢጠፋ አይጎዳም። እኔም መልስ ጽፌ ነበር። አጠፋሁት። ምን ይባላል?

ቁጥር 14 ግን ሳይጮኽ ገባ። በሽታው ኮሜዲያኖቹንም አልለየም። ኤዲ ላርጅ በኤፕሪል 2፣ ቲም ብሩክ ቴይለር በኤፕሪል 12 ሞቱ፣ ሁለቱም ብሪታንያውያን። ከሁለቱ በፊት ማርች 29 ላይ ጃፓናዊው ኬን ሺሙራ በ70 ዓመቱ አረፈ። ጃፓን ውስጥ ብዙ ሰው ነገሩን ከምር የወሰደው የሺሙራን ሞት ሲሰማ ነው። ትውልድ ሲያስቅ የኖረ ሰው ነው፤ መንግሥት ሲናገር ያልሰማ ሁሉ ያን ቀን ሰማ።

ቁጥር 15 ወሬውን ወደ ገንዘብ አዞረው፣ ጥሩም አደረገ። ኮሜዲያን ሲባል ሁሉም ሰው ሳሎን ያለው አይምሰላችሁ ይላል። የስኮትላንዱ የኤዲንብራ ፍሪንጅ ፌስቲቫል ከ1947 ጀምሮ ሳይቋረጥ የኖረ ነው፤ የ2020ው መሰረዙ የተነገረው ኤፕሪል 1 ቀን፣ በኤፕሪል ዘ ፉል ዕለት ነው። እስቲ አስቡት፣ ለኮሜዲያን በዚያ ቀን ሥራህ ተሰርዟል ሲባል። ስንቶቹ ቀልድ መስሏቸው ይሆን። ለአንድ ወር ትርኢት የዓመት ቁጠባቸውን የሚያፈሱ አሉ። በዚያው ወር ኒው ዮርክ ውስጥ ዩሲቢ የሚባለው የኢምፕሮቭ፣ ማለትም ሳይዘጋጁ እዚያው እየፈጠሩ የሚጫወቱበት ቲያትር መድረኮቹን ለዘለቄታው እንደሚዘጋ አሳወቀ። በተቃራኒው ያኔ የዴይሊ ሾው አቅራቢ የነበረው ትሬቨር ኖዋ ሥራ የቆመባቸውን 25 የፕሮግራሙን ሠራተኞች ደመወዝ ከኪሱ ከፍሏል። የገንዘቡን ነገር እኔ ከናካቴው አላሰብኩትም ነበር። መነሻዬ ላይ መድረክ የሞተው ስላላሳቀኝ ነው ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ ለሱ ግን እንጀራው ነው የተዘጋው።

ቁጥር 16 ደግሞ አንድ ነገር ጥሎልን ሄደ፣ እሷን ካነበብኩ ጀምሮ ለሰው ሁሉ እያወራሁ ነው። ሳተርደይ ናይት ላይቭ የሚባለው የአሜሪካ የቀልድ ፕሮግራም ኤፕሪልና ሜይ ላይ ሦስት ጊዜ ከየቤቱ ተሠራ። ኦክቶበር 3 ቀን 2020 ወደ ስቱዲዮው ሲመለስ የኒው ዮርክ ደንብ ታዳሚ ይከለክላል፤ የተፈቀደለት ተከፋይ ሠራተኛ ብቻ ነው። ታዲያ ምን አደረጉ? ታዳሚውን ሠራተኛ አደረጉት። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ለያንዳንዱ የ150 ዶላር ቼክ ሰጥተው ሸኙት። ሰው ለመሳቅ ተቀጠረ ማለት ነው።

ቁጥር 17 ይህ አዲስ አይደለም ብሎ ተነሳ። ቻርልስ ዳግላስ የሚባል የድምፅ መሐንዲስ በ1950ዎቹ የሳቅ ማሽን ሠርቶ የተቀዳ ሳቅ በቁልፍ እየተጫነ ለቴሌቪዥን ሲሸጥ ነበር። ሰው ብቻውን ሲሆን እንደማይስቅ ያኔም ይታወቅ ነበር ማለት ነው። ቁጥር 5 ከሥሩ መጥቶ እንደዚያ ዓይነት ማሽን በዙም ላይ የሞከሩ ነበሩ፣ ግን ሳቁ ለሁሉም ቀልድ እኩል ስለሚመጣ ያሳፍራል ብሎ ጻፈ፤ ይህ ቁጥር 18 ነው።

ቁጥር 19 የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ነው። ባዶ ሕንፃ ውስጥ ብቻውን ሲያድር የሁለት ኮሜዲያኖችን ወሬ በአንድ ጆሮው ይሰማ ነበር። አንድ ጆሮው የሆነው ሌላኛው ለበሩ ነው። እነሱ ጠይቀው ዝም ሲሉ እሱ ጮክ ብሎ ይመልስላቸው ነበር። አንድ ሌሊት የመለሰው መልስ እነሱ በኋላ ከመለሱት እንደበለጠ እስካሁን ይምላል። ምን እንደነበር ግን ረስቶታል።

ቁጥር 20 ነርሷ ተመልሳ መጣች። ስለ መጀመሪያው ነገር አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ቁጥር 9 ፀጉር ሲቆረጥ መነጽሩ በማስክ ትንፋሽ ጉም እየለበሰ ማየት እንደተቸገረ ጽፎ ነበር፤ እሷ የማስኩን ላይኛ ጠርዝ በፕላስተር አፍንጫው ላይ እንዲያጣብቀው ነገረችው። ላስቲኩ ጆሮውን ከቆረጠውም ከማጅራቱ በኩል በወረቀት መያዣ ሽቦ እንዲያገናኘው። ይኸው ነው። ላይክ አደረግኩላት፣ መልስ አልሰጠችኝም።

ቁጥር 21 የስታንድ አፑ ሰው ነው፣ ቁጥር 4። መድረክ ሲከፈት የመጀመሪያውን ምሽት ነገረን። ወንበሩ አንድ እየተዘለለ ነው የተሞላው፣ ሰው ሁሉ ማስክ አድርጓል። ሳቁ ከትራስ ሥር እንደሚመጣ ነበር። አፍ ስለማያይ ትከሻ ማንበብ ተማረ፤ ትከሻው የተንቀጠቀጠ እየሳቀ ነው፣ ሁለቴ ብቻ ከፍ ዝቅ ካለ እያሳለ ነው። ስለ ቤት መዋል ያዘጋጀው ቀልድ አንዱም አልሠራ። አዳራሹ ጸጥ ረጭ። ደንግጦ፣ ያለፉት ወራት ልማድ አፉ ላይ ቀርቶ፣ ማይኩን ይዞ አዳራሹ መሀል ቆሞ ድምፁ ይሰማቸው እንደሆነ ጠየቃቸው። ታዳሚው በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ ሚዩት ላይ ነህ ብሎ ጮኸለት፣ እሱም መለሰለት፣ ሰውየውም ደገመ፣ ሁለቱ እንደዚያ እየተመላለሱ 15 ደቂቃ ሄዱ። ያዘጋጀውን አልጨረሰውም።

ይህ ጨዋታ ነው ወይስ ቀልድ ብዬ ጠየቅኩት። እስካሁን አልመለሰልኝም። ከሥሩ ያለው ቁጥር 22 ነው፤ ለቁጥር 11 ነው የጻፈው፤ በዳበሳ ከጆሮ ጀርባ እንዴት እንደሚቆረጥ ይጠይቃል።